ለሁሉም እኩል 248

ኖቬምበር 16 ቀን 2004
ሲያትል

ጉዳዩ፦ ወይዘሮ ማንአልሞሽ ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት የዜግነት ፈተና አለባቸው።

ለክቡር አቶ ዘመድኩን፣
የመረዳጃ ማኅበራችን የኮምፒውተር ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ የረዘመ፣ ጤናዎም እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ ይሁን።

ቢከን ሂል ያለው የማኅበሩ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ የሚል አቤቱታ በቀረበ ጊዜ ኮሚቴዎ ስለሰጠው ፈጣን ውሳኔ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኖርዝጌት ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግነው ሀይለየሱስ እንዳስረዳን፣ በማሽኑ ውስጥ ያሉት ካርዶች፣ የድምፁም የምስሉም የኢንተርኔቱም፣ የሚመላለሱት በአንድ መንገድ ነው፤ አንዱ መንገዱን ምን ያህል ይዞ ለሌላው እንደሚለቅ የሚወስን ቁጥር አለ፤ የሁሉም 32 ነበር። እሱ የምስሉን ብቻ ጥቂት ከፍ እናድርግ ቢል፣ እርስዎ አንዱን ሾሞ ሌላውን መተው ማኅበር ያፈርሳል ብለው ለሁሉም እኩል 248 እንዲሰጥ አስወሰኑ። ሰባት ድጋፍ፣ ተቃውሞ የለም። ቃለ ጉባኤው ማኅተም አለው።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

1. አሁን መንገዱን የያዘ አይለቅም፤ ድምፁ ተራ ሲጠብቅ ይቆራረጣል። እርስዎ ማይክሮፎን ሲይዙ አይተን ስለምናውቅ ይህን ለመረዳት ባለሙያ አላስፈለገንም።

2. ወይዘሮ ማንአልሞሽ ፌደራል ዌይ ከተማ አዛውንት ሲንከባከቡ ሰንብተው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የፈተናውን ጥያቄዎች በዚሁ ኮምፒውተር ከሲዲ ያዳምጡ ነበር። ባለፈው የወደቁት መልሱን አጥተው ሳይሆን ፈታኙ የሚለው ስላልገባቸው ነው። የዛሬው ሁለተኛና የመጨረሻ ዕድላቸው ነው፤ ዛሬም ከወደቁ እንደ አዲስ ማመልከት ነው። ካለፉት ሦስት ቅዳሜዎች ያተረፉት በቆሎ ሲፈነዳ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹን እኔ ላንብብልዎ ብዬ አነበብኩላቸው። የእኔ እንግሊዝኛ ገባቸው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ፈታኙ እንደ እኔ አይናገርም።

3. ቁጥሩ ወደ 32 ይመለስ ብዬ አመለከትኩ። አንዴ የሰጡትን መንሳት ነውር ነው፣ ደግሞም ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልገዋል አሉኝ። ጉባኤው ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ አባላቱ ሥራ ላይ ነበሩ። ሀይለየሱስ ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል ቢልም የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። በደወልኩ ቁጥር ስለ እኩልነት ስብሰባ ላይ ነዎት።

ለካርዶቹ ያሳዩት ርኅራኄ ለሰውም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ መንገዱ እስኪለቀቅልኝ ተራዬን የምጠብቅ ታዛዥ አባልዎ፣

ኪዳነ ወልድ አማረ

ማስታወሻ፦ ይህን በእርሳስ የምጨምረው ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ነው። ደብዳቤውን ለመለጠፍ አራት ፒን ይዤ መጥቼ አንዱን ብቻ ሰክቻለሁ። ሰባት ተኩል ሆኗል። ወይዘሮ ማንአልሞሽ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠው መልሶቹን በቃላቸው እየደገሙ ነው፤ አንድም አልሳቱም፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም። የቀሩት ሦስት ማዕዘኖች ምልዓተ ጉባኤ ይጠብቁ። እኔ ሄጃለሁ።