የእናታችን ብርሌ በመስኮቱ

ገባ! እህቴ፣ ሰማያዊው ገባ! የእናታችን ብርሌ ከቤተ ክርስቲያናችን መስኮት ገብቶ ትናንት በቅዳሴ ሰዓት በራ!

ይቅር በዪኝ፣ ሰላምታው ከኋላ መጣ። እንደምን ከርመሻል? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ የሚያምሽ ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከየካ እስከ ካራ የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ደህንነትሽን ከገበያተኛ ስጠይቅ ኖርሁ። አባታችን ሁለታችንንም ፊደል ያስቆጠረን ለዛሬ ኖሯል፤ ራስሽ አንብቢው።

ደብራችን አዲስ ጣራ ሲለብስ አናጢው ጉተማ በመስኮቱ ፍርግርግ ባለ ቀለም ጠርሙስ ስባሪ በሰም ልሰካበት አለ። እያንዳንዱ ቤት ለሟቹ መታሰቢያ አንድ አንድ ስባሪ ይስጥ ተባለ። መሪጌታ ሠረቀብርሃን የጠጅ ዕቃ ቤተ መቅደስ ሊገባ ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ጉተማ ሆዬ፣ ጌታ በቃና ሰርግ ቤት ጋኑን አልተጸየፈም፣ እርስዎስ ቢሆኑ ብርሌ ሲቀርብልዎ መች ፊትዎን ያዞራሉ አላቸው። ሰው ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፈነ። እሳቸውም ሳቁና ፈቀዱ።

እኔ የብርሌውን አንገት ሰጠሁ። ጉተማ ግን መሐሉን ለሰፊው ስባሪ፣ አንቺ ዘንድ ላለው፣ ክፍት ተወው። ላኪባት ሲለኝ አፈርሁ። በሰም ጨርቅ ደፈነው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር እያፏጨ እኔን የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር።

ለምን እንዳፈርሁ ታውቂያለሽ። በእናታችን ተዝካር ዕለት ብርሌውን ግራና ቀኝ ይዘን ስንጓተት፣ አንቺ ውሰጂው ብለሽ ለቀቅሽልኝ። ያመለጠው ከእኔ እጅ ነው። ለዘመድ ሁሉ ግን እሷ ሰበረችው አልሁ። አንቺም ስባሪሽን በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ሄድሽ።

ባለፈው እሑድ እማሆይ የማርያምወርቅ ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ አገኘሁ ብለው አንድ ጥቅል አመጡልኝ። ስፈታው ሰማያዊው! ከክፍቱ ጋር ልክክ አለ። ማን አስቀመጠው ብላቸው፣ አንዲት የምታነክስ ሴት ናት፣ ጎህ ሳይቀድ ተሳልማ ተመለሰች አሉኝ። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም።

ትዝ ይልሻል፣ በዓል ሲያልፍ እናታችን ብርሌውን አጥባ ዓይናችን ላይ ስታደርግልን? እንጦጦ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥዱ ሁሉ ሲንሳፈፍ፣ ባሕር ማለት ይህ ነው ስትለን? እሷም አይታው አታውቅም። ትናንት ካህኑ ወለተማርያም ብለው ስሟን ሲጠሩ ያ ባሕር ወርዶ ነጠላዬን ሞላው። እጄን ዘረጋሁበት፤ የእሷን እጅ መሰለ። ከዚያ ቀስ እያለ ከእኔ አልፎ አጠገቤ ወዳለው ባዶ ስፍራ ሄደ፣ እዚያም ብዙ ቆየ።

ተዝካሯን እንደገና አወጣለሁ። ያን ቀን በዘመድ ሁሉ ፊት ማን እንደ ሰበረው በገዛ አፌ እናገራለሁ። አንቺ ከሌለሽ ግን ለማን እናገረዋለሁ?

እመቤታችን ጉልበትሽን ትፈውስልሽ፤ ልጆችሽን ታሳድግልሽ፤ ደጅሽን ሰላም ታድርግልሽ።

ያልለቀቀችው ታላቅ እህትሽ
ታኅሣሥ ፳፪ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት

ውይ፣ ደስታዬ ቀኑን አስረሳኝ! በቅሎዬን እልክልሻለሁ፣ በእግርሽ እንዳትመጪ፤ የዳገቱን መንገድ መቼም አሁን ታውቂዋለሽ። ባልሽንም፣ ልጆችሽንም፣ ጎረቤትሽንም ይዘሽ ነይ፤ ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ሳትደርስ።