ጭራዋ ማዶ የቀረ ላም

ወዳጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? ሠዓሊዎቼን ይዤ የመጣሁበት ትምህርት ቤት የቆርቆሮ አጥሩ ራሱ የአገር ድንበር ነው። እኛ ሰፈር አጥር ላይ «መሽናት ክልክል ነው» ይጻፋል፤ እዚህ ግን ተማሪዎቹ ልጆች ከሠዓሊዎቼ ጋር እንዲሥሉበት አዘዝኩ። አንዷ ላም ስትሥል መውጫው በር ጋ ቆርቆሮው አለቀባትና፣ ከአጥሩ ማዶ ላለችው የአክስቷ ልጅ «አንቺ፣ ጭራዋን በዚያ በኩል ሣዪልኝ!» ብላ ጮኸች።

ዳይሬክተሩ «አባባ፣ ጭራ የሌላት ላም ለእንግዳ አላሳይም፤ በኖራ ትጥፋ» ሲል ልጅቷ እንባዋ መጣ። እኔ የተሣለ አላስጠፋም፤ ክንዱን ይዤ በበሩ አሻገርኩት። ጭራዋ ቆርቆሮውን ጨርሶ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ወጥቷል!

«በሉ ትኑር፤ ይህን ሁሉ ኖራ ከየት አመጣለሁ?» አለ እየሳቀ።

ካርዱ ጠበበኝ፤ እትዬን ሰላም በልልኝ፣ የልጅ ልጆችህን አገላብጠህ ሳምልኝ።