የእስረኛ ቤት ጽዋ

ሐሙስ

ዛሬ ክፍል ውስጥ ጉድ ልሆን ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍልን ስለ ሮማውያን ክብር እያስተማርኩ ነው። ግብዣ ላይ ሰው በማዕረጉ ይቀመጣል፤ ለትልቁ ሰው ጥሩ ወይን፣ ለትንሹ ኮምጣጣ። ተማሪዎቼ ሳቁ። ሠርግ ላይ አይተውታላ! ከዚያ እስር ላይ ደረስን። በሰንሰለት የታሰረ ሰው ክብሩ አለቀ፤ ነውሩ ለጠያቂውም ይተርፋል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ግን ምግብ ይዘው በጠራራ ፀሐይ ወደ እስረኞቹ ይሄዱ ነበር አልኩ።

አንዷ ልጅ "ቲቸር፣ አያፍሩም?" አለችኝ። ባሌ ከበደ ቃሊቲ እንደታሰረ ሁሉም ያውቃሉ።

"ያፍሩ ይሆናል፤ ግን ይሄዱ ነበር" አልኳት።

ዓርብ

የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ደወሉልኝ። ነገ ጽዋውን የምረከበው እኔ ነኝ፤ በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። "አስቴርዬ፣ ለዘንድሮ ይለፍሽ። ሸክም እንዳንሆንብሽ ብለን ነው" አሉኝ።

ሸክም! ከበደ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ሳለ ከቄሱ ቀጥሎ የሚያስቀምጡት እነሱ አልነበሩም? አሁን ቤታችን መግባት አሳፈራቸው።

ከሁሉ የሚያበግነኝ የራሴ ነገር ነው። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አመሰገንኳቸው እኮ!

ቅዳሜ

ወደ ማኅበሩ ከመሄዴ በፊት የሚያስፈራኝን ጻፍኩ፦ ቄሱ አባ ይቆጣሉ። ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ። አለቅሳለሁ። የባሰው ሦስተኛው ነው።

ጽዋው እኔን አልፎ ቀጣይ ተራ ለነበራቸው ለእማማ ሙሉ ሊሰጥ ሲል ተነሣሁ። "ተራው የእኔ ነው" አልኩ። "ባሌ ሰው ገጭቶ ተፈርዶበታል፤ ፍርዱን እየጨረሰ ነው። ቤቴ የእስረኛ ቤት ነው። የምትመጡ እያወቃችሁ ኑ።"

ጋሽ ታደሰ "እኛ እኮ ለአንቺው ብለን..." ብለው ሳይጨርሱ እማማ ሙሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። "እኔ የሰው ተራ አልወስድም" አሉ። አባ ጽዋውን ለእኔ ሰጡኝ። ሳላለቅስ ተቀበልኩ!

ስንበተን ግን አራት ሰዎች ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

እሑድ

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ወረፋው ረጅም ነበር። ለከበደ ስነግረው ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ ተቆጣ። "ማን አስገደደሽ? ባይመጡስ? በእኔ ምክንያት ድግስሽን ታቅፈሽ ልትቀሪ?" አለኝ። ለካ እሱም እንደ እነሱ ነው የሚያስበው። በጣም ከፋኝ።

"ካልመጡ የደገስኩትን ተሸክሜ እዚህ እመጣለሁ። ማኅበርተኞቼ አንተና አብረውህ የታሰሩት ትሆናላችሁ" አልኩት። አየኝ፣ አየኝና ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ማን እንደሚመጣ አላውቅም። ስመለስ ለጠላው ጌሾ ገዛሁ፤ ለሁሉም የሚበቃ።