ረም የጠጡት መስኮቶች

ለልጅ ልጄ ለዜልማ፣

በታላቅ ሐዘን የሚነገር ዜና ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ቤተ ክርስቲያን ሲወስደኝና ሲመልሰኝ የኖረው የእሑድ ባርኔጣዬ ባለፈው ሐሙስ በጎረቤታችን ፍየል ተበልቶ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩም በዚያችው ፍየል ሆድ ውስጥ ወዲያውኑ ተፈጽሟል።

አንቺስ እንዴት ከርመሻል? ሳልሽ ለቀቀሽ? የቶሮንቶን ብርድ ለመድሽው ወይስ እሱ አንቺን ለመደሽ? ምሳሽን ተቀምጠሽ ትበያለሽ ወይስ አሁንም እንደ ፈረስ ቆመሽ ነው? እጮኛሽ ከደሴቱ ከፔቲ ማርቲኒክ ይደውልልሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከእጄ ግማት በስተቀር ደኅና ነኝ። ናፍቆቱ ስትመጪ ይለቀኛል፤ ግማቱን ግን እንጃ።

የግማቱ ምንጭ ጀልባችን ናት። በነሐሴ ነጭ ቀሚስሽን ለብሰሽ ወደ ሙሽራው ደሴት የምትሻገሪው በእሷ እንደሆነ ቃል ገብቼልሻለሁ። አያትሽ ሌኖራም ቀሚሱን ሰፍታ ልትጨርስ ነው፤ ዳንቴሉን በመርፌ ስትለቅም ዓይኗ ቀልቷል። ጀልባዋ ግን እርጅና ተጫጭኗት፣ ማዕበል በመታት ቁጥር በጎን መስኮቶቿ ቡናማ ውሃ ወደ ውስጥ ታንጠባጥባለች። ቡናማ ውሃና ነጭ ቀሚስ! አያትሽ «ይህ ሳይስተካከል ልጄ እዚያ ውስጥ አትገባም፤ በሕዝብ ጀልባ ትሂድ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። የዊንድዋርድ መንደር ጀልባ ሠሪ የልጅ ልጅ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጋፍታ ተዳረች ከሚባል እኔንም ፍየሏ ብትበላኝ ይሻላል።

ስለዚህ መስኮቶቹን ልቀይር ተነሣሁ። አክሪሊክ የሚሏቸው የፕላስቲክ መስታወቶች ፀሐይ አቃጥሏቸው ቢጫ ሆነዋል፤ በእነሱ በኩል ባሕሩን ስታዪው የበሽተኛ ሽንት ይመስላል። የመጀመሪያውን ብሎን ስፈታ የወጣውን ጉድ ምን ብዬ ልንገርሽ? ከዓመታት በፊት እነዚሁ መስኮቶች ሲያፈሱ የአያትሽ ወንድም ካንዩት «አስተካክዬልሃለሁ፣ እርሳው» ብሎኝ የነበረው ለካ ሲሊኮን የሚሉትን የላስቲክ ማሸጊያ በላይ በላዩ መለጠፍ ኖሯል። ንፍጥ የመሰለ፣ ፀጉርና የበረሮ እግር የተጋገረበት፣ ሲስቡት የሚለጠጥ ነገር። ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ በስብሶ እንደ ራሰ ዳቦ በጣቴ ተዛቀ። ሽታውማ ካልሲ አድርጎ የሞተ ዓሣ ነው። ወደ ባሕሩ ጎንበስ ብዬ ቁርሴን መለስኩ፤ ያዩት ዓሦች እንኳ ሸሹ።

ደግሞ ሲሊኮን የነካው ቦታ ሌላ ማሸጊያ አይዝም፤ ቅባቱ እስኪጠፋ መፋቅ ነው። በመፋቂያ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ በጥፍሬም ጭምር ፋቅሁት። ጢሜ ላይ ተጣበቀ፣ ሾርባዬ ውስጥ ገባ። አያትሽ «አንተ ሰውዬ፣ ራትህን ውጭ ከዶሮዎቹ ጋር ብላ» አለችኝ። ካንዩት መጣና አፍንጫውን ይዞ «ምነው አማች፣ ሞተህ ሳትነግረን ቀረህ እንዴ?» ሲለኝ፣ «የምታሸተው የገዛ እጅህን ሥራ ነው፤ በደንብ ሳበው» አልኩት።

የበሰበሰውን ቆርጬ በአዲስ እንጨት ተካሁ። አዲሶቹን መስታወቶችም ፀሐይ ሲያሞቃቸው የሚለጠጡበት ቦታ እንዲያገኙ ቀዳዳቸውን ሰፋ አድርጌ፣ ብሎናቸውንም ሳላጠብቅ ገጠምኳቸው። ጥርት ያሉ ነበሩ። ይኼኔ ካንዩት ጃክ አይረኑን ይዞ ብቅ አለ፤ ያንን በረዶ እንኳ የሚሰምጥበትን፣ ረም የሚሉትን የሸንኮራ አረቄ። «ለቀደሙት አባቶች ጠብ ሳይደረግ በጀልባ ላይ አዲስ ነገር አይገጠምም» አለ። እውነቱን ነው፣ ወጋችን ነው፤ ጠብ የሚደረገው ግን በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ነው። እሱ ለአባቶች ትንሽ፣ ለራሱ ብዙ አደረገና፣ በተረፈው መስታወቶቹን በጨርቅ ወለወለልኝ፤ እንዲያበሩ ብሎ! ልጄ፣ አክሪሊክ ጠንካራ መጠጥ አይችልም። ዓይኔ እያየ ከየብሎኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ተዘረጋ። ካንዩት ትኩር ብሎ አየና «አባቶች ተቀብለውታል ማለት ነው» አይለኝ መሰለሽ! ጠርሙሱን ቀምቼ ልወረውርበት ነበር፤ ደግነቱ ገና አላለቀም ነበር።

መስታወቶቹን ከቆረጥኩበት ሉህ የተረፈ ቁራጭ ባላገኝ ኖሮ የሕዝቡ ጀልባ ይጠብቅሽ ነበር። ያልደረቀውን ማሸጊያ እንደገና ጠረግሁ፤ ዝልግልጉ እስከ ክርኔ ደረሰ፣ ኤጭ! አሁን እንኳ ስጽፍልሽ ወረቀቱ ከጣቴ አልለቅ ብሏል። ሁለተኞቹን ስገጥም ካንዩት ጠርሙሱን ታቅፎ ሲመጣ፣ አያትሽ ነጠቀችው። ራሷ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ጠብ አድርጋ «በቃ፣ አባቶች ጠጥተዋል። አንተ ደግሞ ጨርቅህን ይዘህ ጥፋልኝ!» አለችው።

ማሸጊያው ሲደርቅ አያትሽ ቀሚስሽን ታቅፋ ጀልባዋ ውስጥ ገባችና ልክ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። «ድፉት!» ብላ ጮኸች። እኔና ካንዩት ባሕሩን በባልዲ እየቀዳን መስኮቱን ደበደብነው። ስትወጣ ቀሚሱን ገልብጠን አየነው፤ አንዲት ጠብታ የለችበትም። «ለሽማግሌ ሥራ አይከፋም፤ በእሷ ትሻገር» አለችኝና ወደ ማድ ቤቷ ሄደች።

አብረሻት ለምትኖሪው ለአክስትሽ ለበርናዲን ሰላም በይልኝ፤ ባሏንም፣ ሲስቅ ቤት የሚያናውጠውን፣ ሰላም በይው። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ። ካንዩት ሰላም ብሎሻል፤ መልካም ምኞቱን በጠርሙስ ካላመጣሁ ብሏልና ከልብስሽ እንዲርቅ እኔ እጠብቅሻለሁ።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ፈጥሬ ጽፌልሻለሁ። አያትሽ «ለሽማግሌ ሥራ አይከፋም» አላለችም። ከመስኮቱ ሥር ስትወጣ ቀሚሱ ደረቅ ነበር፤ ዓይኗ ግን አልነበረም። ይህን እንዳልነግርሽ አስምላኛለች።

አያትሽ ዩራያስ
ዊንድዋርድ፣ ካሪያኩ
እሑድ፣ ሐምሌ 3 ቀን