ቀይ እንዳታደርጊኝ

ውድ ጋሽ ወንድሙ፣

ደውዬ ብነግርዎ ይቀለኝ ነበር። ግን ባለፈው ደውዬ «ቀይ ፊልተር» ስልዎ እርስዎ «ቀይ ወጥ» ሰምተው የልጅዎን ሙያ ሲያጫውቱኝ ካርዴ አለቀ። አዳማ ከገቡ ወዲህ ጆሮዎ ጭራሽ ብሶበታል። ዓይንዎ ግን ደህና ነው ተብያለሁና ልጻፍልዎ።

በመጀመሪያ ይቅርታ። የዛሬ ሁለት ዓመት የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ሲያስረክቡኝ ያችን የብስኩት ቆርቆሮ አብረው ሰጡኝ። ሌንስ ላይ የሚገጠሙ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይና አረንጓዴ የመስታወት ፊልተሮች፣ እያንዳንዳቸው በወረቀት ተጠቅልለው ነበር። አፌ አያርፍም አይደል፣ «ጋሼ፣ ይሄን እኮ አሁን ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ ለሙዚየም ይስጡት» አልኩ። ክዳኑን ገጠሙና ጠረጴዛው ሥር አስቀመጡት። ወዲያው ምላሴን በቆረጠው ብያለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም። ኩራት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ነው ቆርቆሮዋን የከፈትኳት። ደንበኛው ሁሉ ጥቁርና ነጭ ካላነሳሽኝ ማለት ጀምሯል። ፊልተሮቹ ለአዲሱ ሌንስ ስለጠበቡ ቶርኖ ቤት ሄጄ ቀለበት አስቀረጽኩላቸው። የእኔ ዲጂታል ካሜራ ጥቁርና ነጭ ማንሳት ያውቃል፤ ችግሩ ቀለሙን በራሱ እንዲያስተካክል ከተውኩት ቀዩን መስታወት እንደ በሽታ ቆጥሮ ላክምህ ይለዋል። የቀለሙን ምርጫ «ፀሐይ» የሚለው ላይ ቆልፌ ተገላገልኩ። ከዚያ ቀዩን ገጥሜ ሐይቁ ዳር ወጣሁ። ሰማዩ ጠቆረ፣ ደመናው ነጭ ሆኖ ፈካ። እርስዎ «ፊልተር የራሱን ቀለም ያፈካል፣ ባዳውን ያጠቁራል» ሲሉኝ አንገቴን እነቀንቅ ነበር እንጂ አልገባኝም ነበር። ጎረቤታችን ሮቢ ከነሰማያዊ ባጃጁ አንሺኝ ብሎ፣ ባጃጇ ጥቁር ሆና ስትወጣ «የማንን ባጃጅ ነው የሰጠሽኝ?» ብሎ ተጣላኝ። ሳቅኩበት። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አልሠራሁም።

በዚሁ መሃል እትዬ ከበቡሽ መጡ። ያስታውሷቸዋል፤ ድሮ ታይፒስት የነበሩት፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖሩት። ሰባ ሞልቷቸዋል። የልጅ ልጃቸው ሄራን ደግፋ አስገባቻቸው።

«ጥቁርና ነጭ ነው የምፈልገው» አሉኝ። «ደሞ አደራሽን፣ ቀይ እንዳታደርጊኝ። ይቺን ልጅ ሲድሯት ፎቶዋን አንጥተው አንጥተው ፈረንጅ አስመስለዋት ነበር። እኔ ጠይም ነኝ።»

ከዚያ የአንገታቸውን ሻሽ ፈትተው አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። አንገታቸው ላይ የደበዘዘ አረንጓዴ ንቅሳት እንዳለ አይቻለሁ፤ ነገሬ አላልኩትም እንጂ። ልቤ ፊልተር መምረጡ ላይ ነበር። ቀዩ ጠይም ፊት እንደሚያነጣ አሁን አውቃለሁ። ቆርቆሮዋን ስበረብር የአረንጓዴው መጠቅለያ ላይ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ «ከበቡሽ» የሚል አገኘሁ። ጋሼ፣ ዕድለኛ ነኝ አልኩ። መምህሬ ከአርባ ዓመት በፊት ሥራዬን ጨርሰውልኛል አልኩ። አረንጓዴውን ገጥሜ አነሳኋቸው፣ በትልቁ አሳተምኩ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው።

እትዬ ከበቡሽ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። የፊታቸው ጠይምነት እንዴት እንዳማረ ልነግርዎ አልችልም።

«አንገቴን ምን በላው?» አሉ።

አየሁ። አንገታቸው ልሙጥ ነበር፤ አረንጓዴው ፊልተር የራሱን ቀለም አፍክቶ ንቅሳቱን አጥፍቶታል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እሳቸው አልተናገሩ፣ እኔ አልጠየቅኩ፣ ንቅሳቱ ቀረ።

«ጋሽ ወንድሙ ድሮ በአረንጓዴ ነው ያነሱዎት፤ ስምዎ መጠቅለያው ላይ ተጽፏል» አልኳቸው፣ ጥፋቱን ወደ እርስዎ ላዞር። ይቅር ይበሉኝ።

«እኔ ለምኜው ነዋ» አሉ። «የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጎጃም፣ እናቴ በገዛ እጇ ነቀሰችኝ። አዋሳ መጥቼ ሥራ ስይዝ ‹ንቅሷ› አሉኝ። በስሜ የሚጠራኝ ጠፋ። ወንድሙ ጋ ሄጄ ከፎቶዬ ላይ አጥፋልኝ አልኩት። ‹ያምርብሻል፣ አይጥፋ› ብሎ ተከራከረኝ። አልሰማሁትም። አርባ ዓመት በሻሽ ስሸፍነው ኖርኩ።»

«ታዲያ ዛሬ?»

«ዛሬ ራሱ እየጠፋ ነው፣ ልጄ። ከዓመት ዓመት ይደበዝዛል። ሄራን በስልኳ ብታነሳኝ እድፍ ነው የሚመስለው። እናቴ ደግሞ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። እጇ የቀረው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ቶሎ ካልተነሳ አብሮኝ ይቀበራል።»

ፍሬሙን ተሸክሜ ፎቶ ቤት ተመለስኩ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ባደምቀው፣ ባጠቁረው፣ ንቅሳቱ አልመጣ አለ። ካሜራው ከመነሻው ጥቁርና ነጭ አድርጎ ያስቀመጠውን ኮምፒውተር ከየት አምጥቶ ቀለም ይለየው? ያን ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ያስቀመጡት ቆርቆሮ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ፣ ብቻዬን።

በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው። ቀዩን ገጠምኩ። ንቅሳቱ ሦስት ረድፍ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ አረንጓዴነቱ ለቀዩ ባዳ ነውና ጠቆረ። ፊታቸው ግን ነጣ። ስክሪኑን ሳሳያቸው «ይቺ ደሞ ማናት? ቀይ እንዳታደርጊኝ አላልኩሽም?» አሉ። ሄራን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ብርቱካናማውን ገጠምኩ፣ ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃንም ቀስ በቀስ ቀነስኩት። አምስት ስድስት ጊዜ አነሳሁ፣ አሳየኋቸው፣ አይሆንም አሉኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ፊልሙ እስኪታጠብ ልብዎ ተሰቅሎ ይጠብቁ ነበር፤ እኔ እዚያው እያየሁ ስቀንስ ስጨምር ነው ያገኘሁት። በሰባተኛው ጠይምነታቸው ተመለሰ፣ ንቅሳቱም አልሸሸም። እትዬ ከበቡሽ ካሜራውን ከእጄ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ «ለወንድሙ፣ ልክ ነበርክ በይልኝ» አሉኝ። ይኸው ብያለሁ።

ትልቁን ፎቶ ባለፈው ቅዳሜ አደረስኩላቸው። ጣታቸውን በንቅሳቱ ረድፎች ላይ እየሳቡ ሄዱ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ተጣሟል፣ አየሽ? አሞኝ ልሮጥ ስል ነው። እየሳቀች ጎትታ መለሰችኝ።»

እሳቸውም እየሳቁ እንባቸው ወረደ። እኔ ምን እንደሆንኩ አልደብቅዎትም፣ በዚህ ሥራ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። መዶሻ አስመጥቼ ከሳሎኑ ግድግዳ የቱ ጋ እንደምሰቅለው ስፈልግ አስቆሙኝ።

«እዚህ አይደለም» አሉ። «እናቴ ከመንደሯ ሳትወጣ ነው የሞተችው፣ አዋሳን አላየቻትም። ፎቶ ቤትሽ መስኮት ላይ ስቀይልኝ። መንገዱን ትየው።»

ከሰኞ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ናቸው፣ እናትና ልጅ።

ዘግይታ የገባት ተማሪዎ፣
ህሊና
ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ