ዳማን መጥራት

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ

ይድረስ ለልጄ ለወንጌላዊት። አገሩ፣ ሥራው እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከድካሙ በቀር ደህና ነን።

ትተሽልን የሄድሽው ውሻ፣ ዳማ፣ ሲጠሩት መምጣት እየለመደ ነው። ዘግይቶ ሲመጣ አባትሽ በከዘራ ይሉት ስለነበር ፈርቶ ነው እምቢ ይለኝ የነበረው። አሁን በመጣ ቁጥር የዓሣ ጭንቅላት እሰጠዋለሁ እንጂ አልቆጣውም።

ለውሻ ይህን ያህል ምን አደከመሽ ትይኝ ይሆናል። አባትሽ አመሻሽ ላይ ከእሱ ጋር ጣና ዳር ይወርዳሉ፤ እሱ ሲመለስ ተከትለውት ይመለሳሉ። እኔ እንደሆንሁ አባትሽን በስማቸው ጠርቼ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰፈር እየሰማ አልጀምርም። ውሻ ብጠራ ግን ማንም አይታዘበኝም።

ትናንት ገና አንዴ ስጠራው በሩጫ መጣ፤ ብቻውን። አባትሽን ዓሣ አጥማጁ ይትባረክ እጃቸውን ይዞ አመጣልኝ። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ዳማን ቀስ ብሎ መምጣት ላስተምረው ነው።

ለበዓሉ ብትመጪ ደስ ይለኛል። አባትሽ አሁን ለማን እንደምጽፍ ጠይቀውኝ ስምሽን ነገርኋቸው። «የማን ልጅ ናት? ሰላም በይልኝ» አሉ።

እናትሽ ፀሐይወርቅ