በእንግዶቼ ስም ላይ ስለተሰመረው ቀይ መስመር

አሶሳ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዳምጠው
የቀበሌያችን የሕዝብ ጉዳዮች ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነቀይ እስክሪብቶዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እኔ፣ በአንድ ወር ውስጥ ስሜን አራት ጊዜ የጠየቁኝ የወርቅውሃ፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ገበሬዎች ልጅ፣ ደህና ነኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አቅቶኛል፤ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልዎ እየተነሣሁ፣ በር ድረስ እየሄድኩ፣ ማንም አለመምጣቱን አይቼ እየተመለስኩ ስለሆነ ጽሕፈቱ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እርስዎ ጉዳዩን ቢያውቁትም ይህ ለሕዝብ ሁሉ የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ነውና ለማያውቀው ላስረዳ። እኔ ሱቅ የለኝም፤ ድስትና መጥበሻ የምሸጠው ቤቴ ነው። ዕቃውን የሚያቀርበው ድርጅት፣ ሻጯ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሴቶች በስም ጠርታ፣ ቤቷ አስቀምጣ፣ እንቁላል የማይጣበቅበት መጥበሻ ላይ እንቁላል ጠብሳ እንድታሳይ ያዛል፤ የወደደች ታዝዛለች፣ ያልወደደች ሻይዋን ጠጥታ ትሄዳለች። ማንን ብጠራ ማን ይከፋዋል፣ ማንንስ ከማን ጎን ላስቀምጥ እያልኩ ሁለት ሳምንት ተብሰልስያለሁ። ከሁሉ በፊት የጻፍኩት ግን የብኸይታን ስም ነበር።

ብኸይታ ገበያ ውስጥ ደረቅ ባሚያ የምትሸጥ የዚሁ አገር ተወላጅ በርታ ናት። እኔም መጥበሻ ከመጀመሬ በፊት እዚያው ገበያ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ስንነግድ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነውና፣ ሴት ሆኜ ሳለሁ ሁልጊዜ «አንተ» ትለኛለች፤ እንደዚያ አጠራር የሚቀርበኝ የለም። ከጥቂት ዓመት በፊት በግጭቱ ሰሞን፣ ሰው ሰውን በጎሪጥ ባየበት በዚያ ክፉ ጊዜ ግን እኔ ወደ እሷ፣ እሷም ወደ እኔ መሄድ ተውን። አልተጣላንም፤ ቀረን እንጂ። እንግዲህ ግብዣው ለእኔ የመጥበሻ መሸጫ ብቻ አልነበረም፤ እሷን እንደገና ደጄን የማስረገጫ ሰበብ ነበር። በስልክ ስጠራት «እመጣለሁ» አለችኝ። ከዚህ ቀጥሎ ስለተደረገልኝ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከአሥር ሰው በላይ ቤቱ የሚሰበስብ ሰው ማሳወቅ አለበት ሲባል ሰምቼ በገዛ እግሬ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ የእንግዶቼን ዝርዝር እንዳመጣ፣ ባመጣሁም ጊዜ በሠንጠረዥ እንድጽፈው፣ በሠንጠረዥም ስጽፈው «የሚመጡበት ምክንያት» የሚል ዓምድ እንድጨምር በትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ «መጥበሻ ለማየት» ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢያችን ጸጥታ መሻሻሉን ሁሉም ይመሰክራል።

ሁለተኛ፣ አምስት እንግዶቼን ሰርዘው ዘጠኝ ስለጨመሩልኝ የልግስናዎ ወሰን አስገርሞኛል። በብኸይታ ስም ላይ ቀይ መስመር አስምረው በጎኑ «ከሌላ ቀጠና» ብለው ሲጽፉ፣ በምትኳ ደግሞ የባለቤትዎን እህት፣ የቢሮዎን ሁለት ሠራተኞችና ስማቸውን እስከ ዛሬ ያልያዝኩላቸውን ስድስት ወይዛዝርት ሲያስገቡ፣ የቤቴ ወንበሮች አሥራ ሁለት ብቻ መሆናቸውን ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም።

ሦስተኛ፣ ያንኑ ወረቀት፣ ለግልጽነት ሲባል፣ ከነቀይ መስመሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፉት። ብኸይታ መታወቂያ ልታሳድስ መጥታ ተራ ስትጠብቅ ስሟን አነበበችው። ያን ዕለት ማታ ስደውልላት ስልኩን አላነሣችም፤ በማግሥቱም አላነሣችም።

አራተኛ፣ የግብዣው ዕለት። የእርስዎ እንግዶች በሰዓቱ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው መጡ፤ ሥልጠና ነው ተብለው ኖሮ አንዷ የት እንደምትፈርም፣ ሌላዋ ሰርተፍኬት መቼ እንደሚሰጥ ጠየቁኝ። ወንበር ያጡት አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። መጥበሻውን ጥጄ እንቁላሉን እንደሰበርኩ የቢሮዎ ተወካይ ተነሥተው የመክፈቻ ንግግር ስለጀመሩ፣ ሰው እየተናገረ ዕቃ ማንኳኳት ነውር ነውና ማንኪያዬን ይዤ ቆምኩ። ንግግሩ ስለ ቤተሰብ ቁጠባ ነበር፤ እንቁላሉ ከማይጣበቅበት መጥበሻ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ቆየ። ጭሱ ሲነሣ ሁሉም በደብተራቸው ጻፉ። እኔ ግን በር በሩን ነበር የማየው። ከዚያ እሳቱን አጠፋሁ፣ ነጠላዬን አነሣሁና ከገዛ ግብዣዬ ወጥቼ በባጃጅ ወደ ብኸይታ ቤት ሄድኩ። ጎረቤቴ ፍሬሕይወት እንደነገረችኝ፣ ስብሰባው እኔ በሌለሁበት ባለ ሦስት ነጥብ የአቋም መግለጫ አውጥቶ በጭብጨባ ተዘግቷል።

ከዚህ በኋላ ላለው ተራ ቁጥር አልሰጥም፤ የእርስዎ አይደለምና።

ብኸይታ ግቢዋ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የደረቀ ባሚያ ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ ስትቆጣ ድምጿ አይጨምርም፣ «የወርቅ፣ የእኔ ስም የሰረዘው አንተ ነህ?» አለችኝ። እኔ አይደለሁም፣ አቶ ዳምጠው ናቸው አልኩ። እሱ ሲሰርዝ የት ነበርክ አለችኝ። ልዋሽ አሰብኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ከጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ እንደነበር፣ መስመሩ ሲሰመር እንዳየሁ፣ ማኅተሙ እንዳይቀርብኝ ስል «እሺ ጌታዬ» እንዳልኩ ነገርኳት። አንድ ባሚያ አንሥታ አገላበጠችና፣

«እሱ እስክሪብቶ ነው» አለችኝ። «ዝም ያለው አንተ ነህ።»

አልሄድኩም፣ እሷም ሂድ አላለችኝም። ጥቂት ቆይታ ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችውና ዓይኔን ሳልነቅል እስከ አሥር ሰዓት ባሚያ ስለቅም ቆየሁ። ታርቀናል ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ እሄዳለሁ፤ ወደ እኔ ቤት እስካሁን አልመጣችም። በሬን ደጋግሜ የማየውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ከሰሌዳው ያንሡልኝ። እኔም የድርሻዬን፣ ዳግመኛ ሰው ፊቴ ሲሰረዝ እሺ ላለማለት፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ ምስክር አድርጌ ቃል እገባለሁ።

ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ወንበርዎ አይንቀጥቀጥ፣ ተሰብሳቢ አይጡ እያልኩ፣ የማልችለውን ክብር ሁሉ ጨምሬ እሰናበትዎታለሁ።

ያልጠራኋቸው እንግዶች ባለውለታ፣
የወርቅውሃ

እንዳይረሳ፦ የፊታችን ቅዳሜ ብኸይታ በራሷ ቤት ጎረቤቶቿን ጠርታ መጥበሻውን እንዳሳይ ፈቅዳልኛለች። ማንም ፈቃድ ሳይጠየቅ ይመጣል፤ እርስዎም ቢመጡ ምንጣፉ ሰፊ ነው። ሴቶቹ የሚጫወቱት በበርታኛ ስለሆነ ግን ለመክፈቻ ንግግርዎ አስተርጓሚ ማዘጋጀት አልቻልኩም። እርስዎ በሕዝብ ጉዳይ ኃላፊነት አሥራ አንድ ዓመት፣ እኔ በገበያ ጉርብትና ሃያ ዓመት፣ ሁለታችንም በቋንቋቸው ከሰላምታው አላለፍንምና ከጎኔ ይቀመጡ፤ የሚሉንን እየሰማን አብረን እንማር።